የንጉሡ ኪስና የአገሩ ኪስ



ባለፈው ጥቅምት አባላት ሆነን እንጦጦ ማርያም ወጥተን ነበር። ግማሾቻችን ተራራውን ለጉብኝት ስንወጣው የመጀመሪያ ጊዜያችን ነው። ግማሾቹ ግን ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከኮተቤ በላይ ያለውን ቀጭን መንገድ ሁሉ በእግራቸው ያውቁታል፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ዕድሜያቸውን የወረዱበት ነው። ያን ቀን ባዶ ጀርባቸውን ሲወጡ አንዷ እናት «ሸክም ሳይኖር ዳገቱ ይረዝማል» ብለው አሳቁን።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን የአፄ ምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት አየን። የጭቃ ግድግዳ፣ የእንጨት ምሰሶ፣ ዝቅ ያለ በር። አፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። እኚያው እናት ግድግዳውን ዳሰስ አደረጉና «ከዚህ ቤት ተነሥቶ ያን ያህል የገነነ መንግሥት በኋላ ምን ነካው?» ብለው ጠየቁ። ማናችንም አልመለስንላቸውም። አውቶቡስ ሊያመልጠን ነበርና ተነሣን።

ጥያቄው ግን ተከትሎን ወረደ። በዚያው ወር የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ እንዲሻሻል ረቂቅ ቀርቦ በየቡድኑ ውይይት ተጀመረ። ረቂቁ ዋና ዋና ሁለት ነገር ይላል፤ ሰብሳቢ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አይቆይም፣ ቼክም ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም። በአንዱ ቡድን ውስጥ «እማማ ያቋቋሙትን ማኅበር ከእማማ እጅ ማውጣት ነውር ነው» የሚል ቃል ተነሣ። ሌላዋ ደግሞ እየሳቁ «ንጉሥ በስብሰባ ይሻራል እንዴ?» አሉ። እማማን የማይወድ ከመካከላችን የለም። መሥራች ሰብሳቢያችን ናቸው፤ የብዙዎቻችንን የመጀመሪያ የቁጠባ ደብተር በእጃቸው ሞልተው የሰጡን እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ከእማማ ላይ አንሥተን በአገራችን ነገሥታት ላይ አድርገን ብናየው ይቀላል ብለን ይህን ጻፍን። የምንተዳደረው በሂሳብ ሥራ ስለሆነ ታሪኩንም በዚያው ዓይን ነው ያየነው። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጪ አገሩን «እ.ኤ.አ.» ብለን እንለየዋለን።

የዘውድ መንግሥት ማለት ሥልጣን በዘር የሚወረስበት፣ ንጉሡም ተቀብቶ የሚነግሥበት መንግሥት ነው። የእኛ ነገሥታት ዘራቸውን ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይቆጥሩ ነበር፤ ይህም በ1923ቱና በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ሳይቀር ተጽፎ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ፣ ክብራቸውም የማይደፈር ነው ይላል ሕጉ። ሥልጣናቸው ከእግዚአብሔር ከመጣ ሂሳቡንም የሚጠይቃቸው እግዚአብሔር ነው ማለት ነው። በእኛ ሙያ ስናየው ኦዲተሩ የሚመጣው በምጽአት ቀን ብቻ ነው።

ታዲያ ሕዝቡ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ታገሠው? እኛ መልሱን ያገኘነው «ግብር» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ባላገሩ ለንጉሥ የሚከፍለውም ግብር ነው፤ ንጉሡ በአዳራሽ የሚያበላውም ግብር ነው። ማሩ፣ ጤፉ፣ ሰንጋው ከየአገሩ ወደ ግቢ ይገባል፤ በጅሮንዱ ይረከባል፤ ከዚያ ተመልሶ ጠጅና ጥሬ ሥጋ ሆኖ ለወታደሩና ለመኳንንቱ ይወጣል። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ለቀናት ባበሉት ግብር ከአምስት ሺህ በላይ እንስሳ መታረዱ በታሪክ ተጽፏል። ይህን ያነበብን ጊዜ አንዳንዶቻችን «ማን ወጠወጠው?» ብለን ነበር። የወጥ ቤቷ ስም አልተጻፈም። ጭሰኛው ከገበታው ሩቅ መሆኑም የታወቀ ነው። ቢሆንም የገባው ሲወጣ በዓይን ይታይ ነበር። ወረቀት ባይኖርም ገቢና ወጪው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት ነው። የንጉሡ ኪስና የአገሩ ኪስ አንድ ቢሆንም ኪሱ አፉ ክፍት ነበር ልንል እንችላለን።

ይህ አሠራር ምን ያህል ስስ እንደነበረ ያችው እንጦጦ ትመሰክራለች። አፄ ምኒልክ ከተራራው ወርደው አዲስ አበባን በ1879 ከቆረቆሩ በኋላ ከተማዋ የተራራውን ጽድና ወይራ ማገዶ አድርጋ ጨረሰችው። ንጉሡም ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመሰደድ ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ ዛሬ እዚህ ያለችው ያ ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ነው። ያን ዛፍ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ከተራራው ወደ ምድጃ ያወረዱት በብዛት ሴቶች ናቸው። ይህን የምንጽፈው ለደጋፊዎቻችን ነው፤ አባሎቻችንማ ጀርባቸው ያውቀዋል።

አሁን ስለ እቴጌ ጣይቱ እንናገር፤ እዚህ ላይ መቆየት እንፈልጋለን። ሁላችንም በዓድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር ይዘው የዘመቱትን፣ በመቀሌ ምሽግ የጠላትን የውኃ ምንጭ እንዲያዝ ያደረጉትን ጣይቱን እናውቃለን። ስለ መጨረሻቸው ግን ብዙ አይወራም። አፄ ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮች ሾሙ፤ በጅሮንድ ሙሉጌታም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ጅምሩ መልካም ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ሕመም ጸንቶባቸው አካላቸው ሲደክም መንግሥቱም አብሯቸው አልጋ ላይ ዋለ። ወራሹ የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መሆኑ በ1901 ታወጀ። ልጁ ገና አሥራዎቹን የጀመረ ነበር። በዚያ መካከል ትእዛዝ የሚወጣው ከእቴጌይቱ ዘንድ ነበር፤ ሹመትና ሽረቱ በእሳቸው እጅ ገባ። መኳንንቱ ተሰበሰቡና በመጋቢት 1902 ከመንግሥት ሥራ አስወገዷቸው፤ «ባልዎን ያስታምሙ» ተባሉ። አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ተደበቀ። እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም እንዲወጡ ተደረገ። እዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ የካቲት 1910 ኖሩ።

በጥቅምት የጎበኘነው ግቢ ያ ነው። አንዲት ሴት አገር ያህል ነገር ስታንቀሳቅስ ኖራ፣ የያዘችው ሥልጣን በሕግ የእሷ ስላልነበረ በባሏ ጤና ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሱ ሲታመም ወደቀች። ንግሥት ዘውዲቱም ከእሳቸው በኋላ በ1909 ቢነግሡ የመንግሥቱን ሥራ የያዙት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ። አንዳንድ እህቶቻችን «በዘውዱ ዘመን ሴት ነግሣለች፣ ከዚያ ወዲህ ግን…» እያሉ ሲከራከሩ እንሰማለን። ልክ ነው፣ ነግሣለች። ግን በአባቷ ልጅነት እንጂ በሌላ ሴት ልትከተለው በምትችለው መንገድ አልነበረም። በሴት ድምፅም በወንድም ድምፅ ተመርጠው ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። እኛ እሳቸውን እንመርጣለን።

ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ በመስቀል ዕለት በ1909 ተሻሩ፤ ራስ ተፈሪ ንግሥት ዘውዲቱ ካረፉ በኋላ በ1923 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። የእሳቸውን ሥራ ማሳነስ አንፈልግም። ትምህርት ቤቱን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ በ1955 እዚሁ አዲስ አበባ የተመሠረተውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ማን ይክዳል? የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥራ ለረጅም ዓመታት ራሳቸው ይዘውት ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 የመሬት ግብር በገንዘብ ተተምኖ ለገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ታወጀ። ማርና እህል ቀርቶ ብርና ደረሰኝ መጣ። ይህ ትልቅ እድገት ነው፤ የእኛ ሙያም እንጀራው የተጋገረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳይሟላ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ ገቢና ወጪ ፊት ለፊት የሚታይበት የዱሮው ግብር ቀረ፤ በእሱ ፋንታ ደግሞ ለከፋዩ የሚነበብ ሂሳብ አልመጣም። ፓርላማ ነበር፤ ግን የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባላት የሚሾሙት ንጉሡ ናቸው፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ገበሬው ገንዘቡን ይከፍላል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አያይም። በ1960 አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ወጣና ጎጃም አመፀ። ገበሬው ለኪ አላስገባም አለ። ጦር ሄደ፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ተዛወሩ፤ ግብሩም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። ጎጃሜ ግብር አልከፍልም ያለው ስስታም ስለሆነ አይመስለንም። ለምን እንደሚከፍል የሚነግረው አላገኘም።

ከዚያ በፊት ደግሞ የታኅሣሡ ግርግር ነበር። በታኅሣሥ 1953 ንጉሡ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የአልጋ ወራሹ ድምፅ በሬዲዮ አዲስ መንግሥት መቋቋሙን ተናገረ፤ ተገድጄ ነው አሉ በኋላ። ጦር ሠራዊቱ ለዙፋኑ ተዋጋ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስም ዐማፅያኑን አወገዙ፤ ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ከመሸነፋቸው በፊት ግን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በእስር የያዟቸውን መኳንንትና ሚኒስትሮች ረሸኑ። ንጉሡ ያን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ወታደሩም ብዙም ሳይቆይ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀና ተጨመረለት። ይህን በመዝገብ ብናሰፍረው በየትኛው አርዕስት ሥር ይገባል? ደመወዝ አይደለም፤ የታማኝነት ዋጋ ነው። የታማኝነት ዋጋ ደግሞ በየጊዜው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የወሎው ረሃብ ይህን ሁሉ አወጣው። በ1965ና በ1966 በወሎ የሞተው ሰው ብዛት ከ40,000 እስከ 200,000 ይገመታል። አውራጃው የአልጋ ወራሹ ግዛት ነበር። ሪፖርት አልጠፋም፤ ዝናቡ መቅረቱን የሚያውቁ ሹሞች ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳይተዋል። ግን ወሬው ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ ሄደ። ንጉሡ ፊት መጥፎ ቁጥር ይዞ መቅረብ ለማን ይበጃል? ለሚያቀርበው አይበጅም። ዓለም የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ባሳየው ፊልም ነው።

የሕንዱ ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን በኋላ ይህን ረሃብ ሲያጠና ያገኘው ነገር እኛን በጣም አስገርሞናል። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም እንደሚጠበቀው ሰማይ አልወጣም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የወጣ እህል ነበር። ማለትም አገር ውስጥ እህል አለ፤ ሰዎቹ ግን የሚገዙበት አልነበራቸውም። ሰብሉ ሲደርቅ ገቢያቸው ደረቀ። ከብታቸውን በርካሽ ሸጡ፣ ከዚያ የሚሸጡት አጡ። እናቶቻችን በሾላ ገበያ ይህን ያውቁታል፤ ጤፉ ተቆልሎ እያዩት ዘንቢል ባዶ ሆኖ መመለስ ማለት ነው። ይህን ቶሎ የሚያሳይ መዝገብ የአንድን ወረዳ ግብር ከፋይ ገቢ የሚከታተል መዝገብ ነበር። የነበረው ግን ግብሩ መግባቱን ብቻ የሚቆጥር ነው።

በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች አመፁ። ምክንያቱን ስናነብ ትንሽ ይመስላል። የውኃ ፓምፓቸው ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናካፍልም አሉ፤ ምግቡም የማይበላ ነበር። አጣሪ ሆነው የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ያንኑ ምግብ አበሏቸው፣ ያንኑ ውኃ አጠጧቸው። ግብር ማብላት ተገልብጦ መጣ ማለት ነው። በየካቲት የነዳጅ ዋጋ ተጨመረና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራን አቆሙ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ደመወዝ እንደገና ተጨመረ። በዚህኛው ጊዜ ግን አልበቃም። በሰኔ ደርግ ተቋቋመ።

ደርግ ንጉሡን ወዲያው አላወረደም። በነሐሴ ከሥራቸው ያለውን አንድ በአንድ አነሣ። የዘውድ ምክር ቤቱን አፈረሰ፤ የንጉሡን ችሎት ዘጋ፤ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትን የመንግሥት አደረገ፤ ከዚያ የዘውዱ የነበሩትን አንበሳ አውቶቡስንና የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ወረሰ። ብዙዎቻችን ታሪኩን ስንማር ይህ በአንድ መስመር ታልፏል። እኛ ግን እዚህ ላይ ቆመን አሰብን። በኮተቤና በመገናኛ መንገድ ሕዝቡ የሚሳፈርበት አውቶቡስ የንጉሡ ነበር ወይስ የአገሩ? ትርፉ ወዴት ይገባል? በንጉሡ ዘመን ይህን መጠየቅ ድፍረት ነበር። የተጠየቀው መልሱን ለማዳመጥ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

በአዲስ ዓመት ዕለት ማታ፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ የዲምብልቢ ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕሎች ተጨምረውበት በቴሌቪዥን ታየ። በነጋታው መስከረም 2 የ82 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው በአንዲት ቮልስዋገን ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ከልጅ ኢያሱ መሻር ጀምሮ ቢቆጠር ሥልጣን ላይ 58 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ከመንገድ ዳር የነበረው ሰው «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ጮኸ።

ይህች ቃል ናት እኛን ለመጻፍ ያነሣሣችን። ደርግ ንጉሡን በስዊስ ባንኮች ያስቀመጡትን ገንዘብ መልሱ እያለ ሲያስጨንቃቸው ቆየ። ንጉሡ የሉኝም አሉ። ማን እውነቱን ተናገረ የሚለውን እኛ ለመፍረድ አንችልም፤ መፍረድ የሚያስችል መዝገብ ስላልነበረ ነው። የዘውዱ ንብረት ይህ ነው፣ የመንግሥቱ ደግሞ ይህ ነው፣ የግሌ ይህች ናት የሚል የተመረመረ ሂሳብ በየዓመቱ ቢወጣ ኖሮ ንጹሕ ከሆኑ ንጽሕናቸው ይታይ ነበር። እኛ በሥራችን ያየነው ይህንኑ ነው። ደረሰኝ ያልያዘ ገንዘብ ያዥ ሌባም ሆነ ንጹሕ ሰው ቀኑ ሲደርስ ይመሳሰላል። ንጉሥን ጠያቂ እንዳይኖረው ያደረገው ያው የማይደፈር ክብር ተከሳሽ ሲሆን ምስክርም እንዳይኖረው አደረገው።

በሌላው ዓለምም ስናይ ዘውዱ የቆየው ኪሱን የለየው ነው። በየካችን ሰፊ ግቢ ይዞ የተቀመጠውን የእንግሊዝ ኤምባሲ ሁላችንም በአጥሩ በኩል አልፈናል፤ ቦታው ከዓድዋ ድል በኋላ በአፄ ምኒልክ የተሰጠ ነው። እንግሊዞች ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር እሰበስባለሁ ያለውን ንጉሣቸውን ቻርልስ ቀዳማዊን እ.ኤ.አ. በ1649 አንገቱን ቀልተውታል። እ.ኤ.አ. በ1760 ግን ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ የዘውዱን መሬት ገቢ ለመንግሥት ለቀው በዓመት 800,000 ፓውንድ እንዲቆረጥላቸው ተስማሙ። ንጉሡ ደመወዝተኛ ሆኑ። ክብራቸው ትንሽ የተነካ ይመስላል፤ ዘውዱ ግን ዛሬም አለ። ፈረንሳዮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1781 የገንዘብ ኃላፊያቸው ኔከር የንጉሡን ሂሳብ አሳተመ። ሕዝቡ እንዲያነብ የንጉሥ ሂሳብ ሲታተም በዚያ አገር የመጀመሪያው ነበር። ግን የጦርነቱን ወጪ «ልዩ ወጪ» ብሎ ከሂሳቡ አስወጣና ወደ አሥር ሚሊዮን ሊቭር የሚጠጋ ትርፍ አለ ብሎ ጻፈ። ትርፍ አልነበረም፤ ዕዳ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ። አንዳንድ ጊዜ የውሸት ሂሳብ ካለመኖሩ ይብሳል፤ ሰው አንብቦ ያምነዋልና።

ዘውዱን የጣሉት ተማሪዎችና ወታደሮች ናቸው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ እነሱ ናቸው ያወረዱት። በ1953ም ተማሪዎች ለመፈንቅለ መንግሥቱ ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ ወታደርም ተኩሷል። ልዩነቱ ያኔ ለዙፋኑ የሚዋጋ ነበረ፤ በ1966 ግን የተኮሰለት የለም ማለት ይቻላል። መኳንንቱ አንድ በአንድ ሲጠሩ እጃቸውን እየሰጡ ገቡ። ወራሹም የሚይዝ አልነበረም። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ታመው ስዊዘርላንድ ነበሩ፤ ንጉሡ የልጅ ልጃቸውን ዘርዓ ያዕቆብን ቀጥሎ እንዲመጣ የሰየሙት በሚያዝያ 1966 ነው፤ ቤቱ ከተያያዘ በኋላ መሆኑ ነው። አፄ ምኒልክ በአልጋ ላይ ሳሉ የተፈጠረው ነገር ራሱ ተደገመ። የሚረከበውን ሳያሰለጥኑ፣ ቁልፉን ሳያሳዩ፣ «እኔ እያለሁ» እያሉ ጊዜው አለቀ። የዘውድ መንግሥቱ በአዋጅ የተሻረው በመጋቢት 1967 ነው፤ ንጉሡም በዚያው ዓመት በነሐሴ በእስር ሳሉ አረፉ።

የተከተለውም ሂሳብ አላሳየንም። «ያለ ደም» ብሎ የመጣው ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ስድሳ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ አንዱ ነበሩ። ወንበሩ ተለወጠ እንጂ የሚጠይቀው አልመጣም። ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ አንክደውም። በእንጦጦ ጥግ ያሉት ሴቶች ግን ደኑ የመንግሥት ከሆነም በኋላ በጥበቃ እየተባረሩ ያንኑ ጭራሮ ተሸክመው ወርደዋል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ከላይ የጠቀስናቸው እናት፣ ግድግዳውን የዳሰሱት፣ በ1966 ልጅ ነበሩ። እናታቸው እንጨት ሸጠው ሲመለሱ «ንጉሡን ወሰዷቸው» ብለው ሸክም ማሰሪያውን ጥለው ማልቀሳቸውን ያስታውሳሉ። «እናቴ ከንጉሡ አንድ ነገር አግኝታ አታውቅም፤ ግን አለቀሰች» አሉን። ይህን የነገሩን የደንቡ ውይይት ዕለት ነው፤ ሁለቱን ፊርማ ደግፈው እጃቸውን ያወጡትም እሳቸው ናቸው። የሥራ ዘመኑን ገደብ ግን ገና እያሰቡበት ነው፤ አላስቸኮልናቸውም።

እማማን ራሳቸውን ጠየቅናቸው። ረቂቁን አስነብበው አዳመጡና ሦስት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ ለገንዘብ ያዧ ከዚህ ወር ጀምሮ ይሰጥ፤ ጉባኤ አይጠበቅ። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ በእሳቸው ስም የተከፈተች አንዲት የቆየች የባንክ ደብተር አለች፤ በማኅበሩ ስም ትዛወር። ይህችን ደብተር እኛም አናውቃትም ነበር። ከፍተን ስናያት ለመጀመሪያው የእንጀራ ምጣድና ለበርበሬ መግዣ የወጣው ገንዘብ ሁሉ በእጃቸው ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ሳንቲም አልጎደለም። ሦስተኛውን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ «እኔ ሳለሁ ብትጨርሱት ይሻላል፤ የምትረከበዋን ማሳየት እፈልጋለሁ» አሉ።

ጠቅላላ ጉባኤው በታኅሣሥ የመጀመሪያው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀመራል። ረቂቁ በቢሮአችን ሰሌዳ ተለጥፏል። ማንበብ ለሚቸግራቸው እህቶች ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቢሮው ድምፅ ተሰምቶ ይነበባል። የዓመቱ የሂሳብ መግለጫም አብሮ ይነበባል። የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከመዝገቡ ጋር እናመሳክራለን።